ሁለተኛው ብልቃጥ ከመታዘዙ በፊት

ለግላኮማ፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ከዓይን ውስጥ ግፊት ጋር ተያይዞ የዕይታ ነርቭን ለሚጎዳው በሽታ፣ የሚታዘዙት መድኃኒቶች ተቆጥረው የሚያልቁ ናቸው። ከፒያሳ ተነስተን በቸርችል ጎዳና ወርደን፣ ተክለ ሃይማኖትን ዞረን እስከ ስታዲየም ያሉትን መድኃኒት ቤቶች ብናስስ ደጋግመን የምንሰማቸው ስሞች እነዚህ ናቸው፦ ቲሞሎል፣ ላታኖፕሮስት፣ ዶርዞላሚድ፣ ብሪሞኒዲን፣ ፒሎካርፒን፤ ከክኒን ደግሞ አሴታዞላማይድ። አንዳቸውም አዲስ አይደሉም። ፒሎካርፒን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው፤ ቲሞሎል እ.ኤ.አ. በ1978፣ ላታኖፕሮስት በ1996 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝተዋል። መሥራታቸው ያከራከረበት ጊዜ አልፏል። ሆኖም ታካሚው ለቀጠሮው ሲመለስ ግፊቱ እንዳለ ይገኝና መድኃኒቱ «አልሠራም» ተብሎ ሁለተኛ ብልቃጥ ይጨመርለታል። በዚህ ቅደም ተከተል አልስማማም። መጀመሪያ መፈተሽ ያለባት ከብልቃጡ አፍ እስከ ዓይን ድረስ ያለችው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ናት።

ዓይን ውስጥ ሌት ተቀን የሚመነጭ ንጹሕ ፈሳሽ አለ። ከብሌኑ ጀርባ ይመነጫል፣ በብሌኑ አልፎ ወደ ፊት ይመጣል፣ ጥቁሩና ነጩ በሚገናኙበት ጥግ ባለ ወንፊት መሰል ሥጋ በኩል ይወጣል። ምንጩና መውጫው ካልተመጣጠኑ ግፊቱ ይጨምራል። በብዙ ጤነኛ ሰዎች ዘንድ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ነርቩ ደካማ የሆነ ሰው ግን በ18ም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ለእያንዳንዱ ዓይን የሚደርስበትን ግብ ያስቀምጣል። ያ ቁጥር ስንት እንደሆነ ጠይቆ ካርዱ ጀርባ ላይ መጻፍ የታካሚው መብት ነው። በስዊድን የተደረገና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት ግፊቱ በ1 ሚሊ ሜትር በቀነሰ ቁጥር በሽታው የመባባስ ዕድሉ በ10 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። አንዲት ሚሊ ሜትር ዋጋ አላት ማለት ነው።

ጠብታዎቹ ሁሉ የሚያደርጉት ከሁለት አንዱን ወይም ሁለቱንም ነው፤ ምንጩን ይቀንሳሉ፣ መውጫውን ያሰፋሉ። የሞተ ነርቭ አያስነሱም። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ችግር የሚጀምረው። ሞራ የተገፈፈለት ሰው በማግስቱ ያያል። የግላኮማ ጠብታ የሚያደርግ ሰው ግን ከማቃጠሉና ከመቅላቱ በቀር የሚሰማው ነገር የለም። ዕይታው ዛሬም እንደ ትናንቱ ነው፤ መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታወቀውም በዚሁ ነው። «ሁለት ወር ሞከርኩት፣ ምንም ለውጥ የለውም» ብሎ የሚያቆም ሰው መድኃኒቱ የሰጠውን ውጤት በእጁ ይዞ ነው የሚያቆመው።

ወደ ብልቃጡ እንምጣ። የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርገን የምንፈጥረው ኪስ የሚይዘው ቢበዛ 30 ማይክሮ ሊትር ያህል ነው። ከዚያ ውስጥ ከ7 እስከ 10 የሚሆነውን ዕንባው ራሱ ይዞታል። ከአብዛኛው ብልቃጥ የምትወርድ አንዲት ጠብታ ደግሞ ከ30 እስከ 50 ማይክሮ ሊትር ትሆናለች። አንዲቷ እንኳ ትተርፋለች። «ለማንኛውም» ተብላ የምትጨመረው ሁለተኛ ጠብታ የመጀመሪያዋን አጥባ ይዛት ጉንጭ ላይ ትወርዳለች ወይም በዕንባ መውረጃው አልፋ አፍንጫና ጉሮሮ ትገባለች። ሁለተኛ የሚደረገው የመጀመሪያዋ ዓይን ስታ ስትወድቅ ብቻ ነው።

ሒሳቡን ብንሠራው ደግሞ የወሩ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ክፍተት ከየት እንደሆነ ይታያል። 5 ሚሊ ሊትር የቲሞሎል ብልቃጥ እንደ አፉ ስፋት ከ100 እስከ 160 ጠብታ ይሰጣል። ለሁለት ዓይን ጠዋትና ማታ ከሆነ በቀን 4 ነው፤ ከ25 እስከ 40 ቀን ያደርሳል። በየዓይኑ ሁለት ሁለት የሚያደርግ ሰው ግን በሁለት ሳምንት ተኩል ግድም ይጨርሰዋል፣ ቀጠሮው ደግሞ ገና ነው። ላታኖፕሮስት 2.5 ሚሊ ሊትር ብቻ ቢሆንም በቀን አንድ ጊዜ ስለሚደረግ ለሁለት ዓይን ከወር በላይ ይበቃል። ዶርዞላሚድ ለብቻው በቀን ሦስት ጊዜ ሲታዘዝ በቀን 6 ጠብታ ይሄዳል፣ 5 ሚሊ ሊትሩ ወር አይሞላም፤ ይህ የታካሚው ጥፋት ስላልሆነ ማዘዣው ላይ ሁለት ብልቃጥ መጻፍ አለበት።

በአፉ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ከውጭ ከሚገቡት ብዙዎቹ ብልቃጦች አፋቸው ድፍን ነው፤ የሚበሳው በራሱ ክዳን ውስጥ ባለች ሹል ነገር ነው። ክዳኑን ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አጥብቆ ማዞር፣ ከዚያ መክፈት ነው። ይህን ያልተነገረው ሰው በመርፌ ይወጋዋል፣ ሲብስም ጫፉን በምላጭ ይቆርጠዋል። በምላጭ ከተቆረጠ አፍ የሚወርደው ጠብታ በጣም ትልቅ ነው፣ ብልቃጡም በግማሽ ጊዜው ያልቃል። መርፌው ደግሞ ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል። ብልቃጡን የሚሸጠው ባለሙያ ክዳኑን በፊት ለፊታችሁ አዙሮ ቢበሳው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም፤ ጠይቁት።

አደራረጉ እንዲህ ነው። እጅዎን ይታጠቡ። መድኃኒቱ እንደ ብሪንዞላሚድ የሚዘቅጥ ዓይነት ከሆነ ይነቅንቁት። በጀርባዎ ይተኙ ወይም ራስዎን ወደ ኋላ ያዘንብሉ፣ በአንድ ጣት የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ይሳቡ፣ ወደ ላይ ይመልከቱ፣ ብልቃጡን ሳያስነኩ አንዲት ጠብታ ኪሱ ውስጥ ይጣሉ። ከዚያ ዓይንዎን በቀስታ ይክደኑ። ጨምቆ መጨፈንና ማርገብገብ የለም፤ ሁለቱም መድኃኒቱን ገፍተው ያወጡታል። በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣትዎ ጫን አድርገው ለሁለት ደቂቃ ይቆዩ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህችን ሁለት ደቂቃ ነው፣ ለምን እንደምታስፈልግ ቲሞሎል ላይ ስንደርስ ግልጽ ይሆናል። ሌላ ዓይነት ጠብታ ካለ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ አከታትሎ ማድረግ የመጀመሪያውን ማጠብ ነው።

እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ እናቶችና አባቶች ብልቃጡን የያዘውን እጅ ግንባር ላይ ማሳረፍ ይረዳል። ያም ካልሆነ በጀርባ ተኝቶ፣ ዓይንን ከድኖ፣ ጠብታውን አፍንጫ በኩል ያለው ጥግ ላይ ማሳረፍና ከዚያ ዓይንን መክፈት ነው፤ ፈሳሹ ራሱ ይገባል። ሌላ ሰው የሚያደርግላቸው ከሆነ ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ እሱ በሌለበት ቀንስ ማን እንደሚተካው ይወሰን። «እማማ፣ ዛሬ ጠብታው ተደርጓል?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም ሌላው ያደረገ የሚመስለው ቤት ብዙ ነው።

ቲሞሎል ርካሽ ስለሆነና እንደልብ ስለሚገኝ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው። ምንጩን ይቀንሳል፤ ግፊቱን ከ20 እስከ 25 በመቶ ያወርዳል። በትክክል ከ12 ሰዓት በኋላ መደገም አለበት፤ ጠዋት 1 ሰዓት ከሆነ ማታ 1 ሰዓት። ሰው ግን «ጠብታ» ስለሆነ ይንቀዋል። በዕንባ መውረጃው ወደ አፍንጫ የገባው ቲሞሎል እንደ ክኒን መጀመሪያ በጉበት አያልፍም፣ በቀጥታ ደም ውስጥ ይገባል። አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥር፣ የልብ ምቱ ዝግ ያለውን ሰው ይበልጥ ሊያዘገየው ይችላል። አስም፣ ዝግተኛ የልብ ምት ወይም የልብ ምልክት መተላለፊያ ችግር ያለበት ሰው ሊታዘዝለት አይገባም። ለደም ግፊት አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የሚወስድ፣ ስኳር ያለበትና ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ ለዓይን ሐኪሙ መናገር አለበት፤ ስኳር ሲወርድ የሚመጣውን የልብ መምታት ቲሞሎል ሊደብቀው ይችላል። ወረፋው ረጅም በሆነበት የዓይን ክፍል «አስም አለብዎት?» የምትለው ጥያቄ እንዳትዘለል ታካሚው ራሱ ቀድሞ ይናገራት። ጥጉን መጫን እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው፤ ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሳል፣ ዓይን ውስጥ የሚቀረውን ይጨምራል።

ላታኖፕሮስት በብዙ መንገድ የተሻለ ነው። መውጫውን ያሰፋል፣ ከ25 እስከ 33 በመቶ ያወርዳል፣ በቀን አንዴ ማታ ብቻ ነው የሚደረገው፣ ልብና ሳንባ ላይ ብዙም ጣጣ የለውም። «አንዴ ይህን ያህል ከረዳኝ ሁለቴ ይበልጥ ይረዳኛል» የሚል ሰው ግን ተቃራኒውን ያገኛል፤ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ሲደረግ ኃይሉ ይቀንሳል። የዓይን መቅላት፣ የሽፋሽፍት መርዘምና መወፈር፣ የዓይን ቆብ ቆዳ መጥቆር ያመጣል። ለአንድ ዓይን ብቻ የታዘዘላት ወጣት ሁለቱ ዓይኖቿ የተለያዩ ሲመስሉ ማቆሟ አይገርምም፤ አስቀድሞ ቢነገራት ኖሮ ቢያንስ ተመክሮበት ይቆም ነበር።

ስለ ፍሪጅ ያለው ጭንቀት ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። ያልተከፈተ ላታኖፕሮስት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ ይህ በዋናነት የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊነት ነው። ከተከፈተ በኋላ ግን እስከ 25 ዲግሪ ድረስ ለ4 ሳምንት ያለ ፍሪጅ ይቆያል፤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። መብራት ጠፋ ብሎ የተከፈተ ብልቃጥ መጣል አያስፈልግም። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ መተው፣ ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ፣ ድሬዳዋ ወይም አፋር ሲወርዱ ያለ ማቀዝቀዣ መያዝ ግን ያበላሸዋል። በረዶ ቤት ውስጥ መክተትም እንዲሁ። የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ። ካርቶኑ ላይ የታተመው ማብቂያ ቀን ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ዓመተ ምሕረት ካነበቡት ሰባት ስምንት ዓመት ይራዘምልዎታል።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። ዶርዞላሚድ ምንጩን ይቀንሳል፤ ሲገባ ያቃጥላል፣ አፍ ላይ መራራ ጣዕም ይተዋል፣ ሰልፋ የሚባሉት መድኃኒቶች የማይስማሙት ሰው ይጠንቀቅ። ከቲሞሎል ጋር በአንድ ብልቃጥ የተቀየጠው በቀን ሁለቴ ስለሚደረግ ሁለት ብልቃጥ ከመያዝ ይሻላል፤ አስም ላለበት ግን ውስጡ ቲሞሎል እንዳለ አይረሳ። ብሪሞኒዲን አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፤ ከወራት በኋላ ዓይንን የሚያቀላና የሚያሳክክ አለርጂ የሚያመጣበት ሰው ጥቂት አይደለም። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይደረግም፣ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላልና ብልቃጡ ልጅ እጅ እንዳይገባ። ፒሎካርፒን ብሌኑን ስለሚያጠብ ማታ ማታ ያጨልማል፣ ቅንድብ አካባቢ ያሳምማል፤ አራት ጊዜ በቀን መደረጉም ሰውን ያደክማል፣ ዛሬ ለተወሰኑ ሁኔታዎች ብቻ ነው የሚመረጠው። አሴታዞላማይድ 250 ሚሊ ግራም ክኒን ግፊትን በፍጥነት ያወርዳል፤ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ሽንት ይበዛል፣ ለስላሳ መጠጥ ጣዕሙ ይጠፋል፣ ፖታሲየም ይቀንሳል፣ የኩላሊት ጠጠር ያመጣል። ለአጭር ጊዜ መሸጋገሪያ እንጂ ጠብታ ስለጠፋ ለዓመታት የሚዋጥ አይደለም። በድንገት ዓይን ቀልቶ ከባድ ሕመም፣ ራስ ምታትና ማስታወክ ከመጣ፣ መብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ከታየ ግን ስለ ጠብታ ማሰብ ሳይሆን በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው፤ ማስታወኩን አይቶ የጨጓራ ነው ብሎ የሚያሳድር ሰው ያን ዓይን ሊያጣው ይችላል።

አሁን ወደ ቀጠሮው ቀን። ግፊት የሚለካው በዚያች ደቂቃ ነው። እንደ ደም ምርመራ በባዶ ሆድ መምጣት ያለበት መስሎት የጠዋቱን ጠብታ ሳያደርግ የሚመጣ ሰው አለ፤ ግፊቱ ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ሁለተኛ ብልቃጥ ይታዘዝለታል። ሌላው ደግሞ ሦስት ሳምንት ትቶት ቀጠሮው ሲደርስ ሦስት ቀን በትጋት ያደርጋል፤ ግፊቱ ጥሩ ሆኖ ይገኛል፣ የጎን ዕይታው ግን በየጊዜው ይጠባል፣ ሐኪሙም ምክንያቱ ይጠፋበታል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው። «ስንት ቀን አመለጠዎት?» ተብሎ በቁጥር ሲጠየቅ ሰው ይናገራል፤ «በሥርዓቱ እያደረጉ ነው አይደል?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን በይሉኝታ «አዎ ዶክተር» ነው መልሱ። ብልቃጡን ይዞ መምጣትና ሐኪሙ ወይም ነርሷ ፊት አንድ ጊዜ አድርጎ ማሳየት ከሁሉም ይበልጣል።

ቦርሳ ውስጥ ያለው ሌላ ብልቃጥም ይታይ። ለሚያሳክክ ዓይን ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዴክሳሜታሶን ወይም ሌላ ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ጠብታ በብዙ ሰው ላይ ግፊት ይጨምራል፣ ግላኮማ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። በአንድ እጅ የሚያወርደውን በሌላው የሚያወጣ ሰው ሦስተኛ መድኃኒትም አይረዳውም። አለርጂ ያለባቸው ሕፃናት እናቶቻቸው «ያቺን ጥሩዋን» እያሉ ለወራት በሚገዙላቸው ጠብታ ግላኮማ ይዟቸው የሚመጡበት ሁኔታ አለ፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ መከላከል የሚቻል ነው።

ጾምም ጠብታ ያስቆማል። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ጉሮሮ የደረሰውን እስካልዋጡ ድረስ የዓይን ጠብታ ጾምን አያፈርስም ብሏል፤ ጥጉን መጫን ደግሞ ወደ ጉሮሮ የሚደርሰውን ይቀንሰዋል። ለመቁረብ የሚዘጋጅ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር፤ ማታ የሚደረግ መድኃኒት ከቅዳሴ ሰዓት ጋር እንደማይጋጭም ለሐኪሙ ያንሳለት። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መጀመሪያ ይጠመቅ፣ ፊቱን ያድርቅ፣ ከዚያ ጠብታውን ያድርግ። የግላኮማ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ዓይን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዓይን ውስጥ የሚገባ ያልታከመ ውኃ ከዓመታት በኋላም ኢንፌክሽን ሊያመጣበት ይችላል።

መድኃኒቱ ሲጠፋ ሰው ቀጠሮውን ይጠብቃል፣ ያ ስህተት ነው። ላታኖፕሮስት ቢጠፋ ትራቮፕሮስት ወይም ቢማቶፕሮስት በቅርብ የሚተኩት ዘመዶቹ ናቸው፤ የስም ለውጡን ሐኪሙ ይፈርምበት እንጂ ባዶ ወር አይለፍ። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ካጣ የከነማና የቀይ መስቀል መድኃኒት ቤቶች ይጠየቁ። መድኃኒቱን በክዳኑ ቀለም ግን አትለዩት፤ በብዙ አገር ቢጫ ለቲሞሎል፣ ውኃ አረንጓዴ ለላታኖፕሮስት ቤተሰብ፣ ብርቱካናማ ለዶርዞላሚድ ይውላል፣ ወደ እኛ የሚገባው ሁሉ ግን ይህን አይከተልም። አምራቹ ሲቀየር «ቢጫዋ» የነበረችው ነጭ ልትሆን ትችላለች። ፋርማሲስቱ ካርቶኑ ላይ በአማርኛ «ለሁለቱም ዓይን፣ አንዳንድ ጠብታ፣ ጠዋት 1 ማታ 1» ብሎ ይጻፍ።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ ግፊቱ አሁንም ካልወረደ ሁለተኛው ብልቃጥ ተገቢ ነው። እዚህ አገር ሱዶኤክስፎሊዬሽን የሚባለው፣ ሌንሱ ላይ ነጭ ብናኝ የሚያሳርፈው ዓይነት ብዙ ነው፤ ግፊቱ ከፍ ብሎ ይጀምራል፣ ከሰዓት ሰዓት ይዋዥቃል፣ አንድ ጠብታ ብዙ ጊዜ አይበቃውም። ከሦስተኛው ብልቃጥ በፊት ግን ስለ ሌዘርና ስለ ቀዶ ሕክምና መጠየቅ አለበት። ታንዛኒያ፣ ኪሊማንጃሮ አካባቢ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ቲሞሎልን መውጫውን ከሚያነቃቃው ሌዘር ጋር አነጻጽሮ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ በሌዘሩ ከታከሙት ዓይኖች 61 በመቶው፣ በቲሞሎል ከታከሙት 31 በመቶው ውጤታማ ሆኑ። ሌዘሩ ለሁሉም የግላኮማ ዓይነት አይሆንም፣ በጊዜ ብዛትም ይደክማል፤ በየወሩ ብልቃጥ መግዛት ለሚከብደው ሰው ግን ቀድሞ ሊነሳለት የሚገባ አማራጭ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ሲደረግ ለዚያ ዓይን የግላኮማው ጠብታ ይቆምና ለተወሰኑ ሳምንታት ስቴሮይድና አንቲባዮቲክ ይተካል። ብዙ ሰው «ጠብታው ቀርቷል» ብሎ የሌላኛውንም ዓይን ያቆማል። የቆመው ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ዓይን ብቻ ነው፤ ያልተነካው ዓይን በዚያው ምሽት ጠብታውን ይፈልጋል። ቁስሉ ሲድን ደግሞ የስቴሮይዱ ብልቃጥ በሐኪሙ መርሐ ግብር መሠረት ቀስ በቀስ ተቀንሶ ይቆማል፣ የተረፈውም ይጣላል።